ወለሉ ተለወጠ፣ ጫማችንስ?

ይህን ጽሑፍ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምታነቡ ከሆነ እስኪ አንድ አፍታ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። ምን አድርጋችኋል? ከአራት መልሶች አንዱን እንደምትሰጡኝ እገምታለሁ፤ ባዶ እግር፣ ካልሲ ብቻ፣ ሸበጥ፣ ወይም ለመንገድ አልሆን ብሎ ወደ ቤት የወረደ አሮጌ ጫማ። ለቢሮ የምንገዛው ጫማ አለን። ለሠርግ፣ ለስፖርት፣ ለክረምት ጭቃም አለን። ቀኑን ሙሉ ለምንውልበት ቤት ግን ብዙዎቻችን አስበን የገዛነው፣ ለክተን ያሠራነው ጫማ የለንም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ወደ ቤት ሲሸኙ፣ ነገሩ የጥቂት ሳምንታት መስሎን ነበር። አንዳንዶቻችን ግን በዚያው ቀረን። የሒሳብ ሠራተኛው፣ ተርጓሚዋ፣ በቴሌግራም ልብስ የምትሸጠው፣ ኬክ ጋግራ የምታስረክበው፣ ሌሊት ከውጭ አገር ደንበኞቹ ጋር የሚሠራው ወጣት፣ ሁሉም ቤታቸው ቢሯቸው ሆኗል። እኔም አንዷ ነኝ። የምኖረው ዋጃ ነው፤ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ የራያ ቆላ ሜዳ ውስጥ። ሒሳብ የምሠራለት ድርጅት አዲስ አበባ ነው፤ የምሠራበት ጠረጴዛ ግን የእናቴ ሳሎን ጥግ ላይ ነው። ከቤት ሆኖ መሥራት ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን ጫማም እንደሚጠይቅ የተማርኩት እዚህ ነው። ከእኔ እግር ይልቅ በእናቴ እግር ተማርኩት ብል ይቀለኛል።

ከእበት ልቅልቅ ወደ ሴራሚክ

እናቴ ያሳደገችን በእበት በተለቀለቀ የአፈር ወለል ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ወይ ራሳችሁ ወይ ወላጆቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያ ወለል ለእግር ለስለስ ይላል፤ በበጋ ሙቀት ቀዝቀዝ ይላል፤ ውሃ ቢፈስበት ይመጠዋል እንጂ አያንሸራትትም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ባዶ እግር መሆን ድህነት ብቻ አልነበረም፤ ከወለሉ ጋር የሚስማማ ልማድ ነበር።

ከዚያ ሊሾ መጣ። ከሊሾ በኋላ ሴራሚክ መጣ። ዛሬ በዋጃም፣ በወልድያም፣ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም ቤት የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ወለሉን ነው። ያማረ ነው፤ በቀላሉ ይጸዳል። ግን ፈጽሞ አይለዝብም። የሰው እግር በእያንዳንዱ በኩል 26 አጥንቶች አሉት፤ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ደግሞ ጠንካራ ጅማት ተዘርግቷል። ስንራመድ የሰውነታችንን ክብደት መጀመሪያ የሚቀበለው ተረከዝ ነው። ቀኑን ሙሉ በጠንካራ ወለል ላይ ያለ ድጋፍ ስንቆምና ስንመላለስ ያ ጅማት ይቆጣል። ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትረግጡ ተረከዛችሁን እንደ ሚስማር የወጋችሁ ቀን ካለ፣ የማወራውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ወለላችን ተለውጧል፤ የቤት ውስጥ የእግር ልማዳችን ግን አሁንም የእበት ወለሉ ነው።

ያልተሰማው ፍም

እናቴ ስኳር ካደረባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቮች ሊጎዳ እንደሚችል ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ ቤት የታወቀው በቡና ሰዓት ነው። ከምድጃው አንድ ፍም ወድቆ በእግሯ ጣት አጠገብ አረፈ። እሷ ጨዋታዋን አላቋረጠችም። ቁስሉን ያየነው ማታ እግሯን ስትታጠብ ነው። ሲያቃጥላት አልተሰማትም ነበር። ለመዳን ከሁለት ወር በላይ ፈጀ፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ስለ እግር ያሰብኩትን ያህል በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

የጤና ባለሙያዋ የሰጠችን ምክር አጭር ነበር። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አለመሄድ፤ ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፤ ውስጥ እግርን በየቀኑ ማየት። እኛ ቆላ ላይ ስላለን ሦስተኛ ምክንያትም አለን፤ ጊንጥ ጫማ ውስጥ መደበቅ ይወዳልና ጫማ ሳይራገፍ አይደረግም።

ምክሩ ቀላል፣ ሥራው ከባድ ሆነ። እናቴ፣ “በገዛ ቤቴ ጫማ አድርጌ እንግዳ ልሁን?” አለች። ሸበጥ ገዛንላት። በጣቶቿ መካከል የሚገባው ማሰሪያ ቆዳዋን ፈተገው። ደግሞም እግሯ በደንብ ስለማይሰማት ሸበጡ ወልቆ ወደ ኋላ ቀርቶ እሷ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ነው የምታውቀው። ተረከዝ የማይይዝ ጫማ ለእሷ ጫማ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እናቴ ከእኔ በፊት ከቤት ሆና የምትሠራ ሰው ናት። ጥጥ ትፈትላለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ በርበሬ ታዘጋጃለች፤ ከዚህ ያገኘችው ገንዘብ እኔን አስተምሯል። “ከቤት ሆኖ መሥራት” የሚባለው ነገር አዲስ የሆነው ኮምፒዩተር ለያዝነው ብቻ ነው። እናቶቻችን በምጣድ ፊት ቆመው የዋሉበትን ሰዓት ማንም የሥራ ሰዓት ብሎ አልቆጠረውም፤ ስለዚህ ለዚያ ሥራ ጫማ ያሰበላቸውም አልነበረም።

ሌሎች ምን አሰቡ?

ጃፓኖች የውጭ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፤ ለቤት ውስጥ ሌላ፣ ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ ሌላ ነጠላ ጫማ አላቸው። ጀርመኖቹ ቢርከንስቶኮች በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጡት “ማድሪድ” የተባለ ሰንደል ዋና ሐሳቡ መርገጫው ላይ ነው፤ መርገጫው ጠፍጣፋ ሳይሆን ተረከዝ የሚያርፍበት ጎድጓዳና ለውስጥ እግር ድጋፍ የሚሆን ጉብታ አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. ለጀልባ ተብሎ ገበያ የወጣው ክሮክስ ደግሞ፣ ብዙዎች በመልኩ ቢስቁበትም፣ ዓለም ቤቱ በዋለበት በ2021 ሽያጩ ከ2 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ሰው ቤቱ ሲውል እግሩን ማዳመጥ ይጀምራል ማለት ነው።

ከእኛም አገር ምሳሌ አለ። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የመሠረተችው ሶልሬብልስ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሶል ቆርጦ፣ ላዩን በእጅ በተፈተለና በተሸመነ ጥጥ ሠርቶ ለዓለም ገበያ አቅርቧል። መነሻው አባቶቻችን የሚያውቁት በረባሶ ነው።

በረባሶን እኛ ራያዎች በደንብ እናውቀዋለን። ቆላችን የግራር እሾህ አገር ነው። አባቴ ከብት ተከትሎ የሚወጣው በጎማ ጫማ ነበር፤ እሾህ ያንን ጎማ በቀላሉ አይበሳውም። ልጅ ሆኜ ጫማ ሰፊው ፊት ቆሜ ያየሁትን አሁን ሳስበው ትልቅ ትምህርት ነበር። አባቴ እግሩን ጎማው ላይ ያሳርፋል፤ ጫማ ሰፊው ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራል፤ በዚያው ልክ ይቆርጣል። ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ ማሰሪያ ያደርግለታል። ማሰሪያው ሲበጠስ ማሰሪያው ብቻ ይለወጣል እንጂ ጫማው አይጣልም። በባለቤቱ እግር ልክ መሠራት፣ ተረከዝን መያዝ፣ መጠገን መቻል፤ ሦስቱም ዛሬ ውድ ዋጋ የምንከፍልባቸው ነገሮች ናቸው።

አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ለውድድሩ የሚስማማው ጫማ ስላላገኘ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ ሮጦም አሸነፈ። የማይስማማ ጫማ ከባዶ እግር ይብሳል፤ የሚስማማ ጫማ ግን ጀግናውንም አያሳንሰውም። ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን እግሯን ለማስለካት ተስማማች።

ሦስት ሙከራ

ጫማ ሰፊያችን አማርኛውንም ትግርኛውንም ኦሮምኛውንም እያፈራረቀ የሚያወራ፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ ሰው ነው። የጠየቅነውን ስንነግረው ግራ ገባው። “ለቤት? ለቤት ብሎ ጫማ የሚያሠራ የት አለ?” አለ። ከዚያ ግን ተያያዘው።

የመጀመሪያውን በሚያውቀው መንገድ ሠራው፤ ሙሉ የጎማ ሶል፣ የጎማ ማሰሪያ። ጠንካራ ነበር። ግን ከባድ ነው፤ በሴራሚኩ ላይ ጥቁር ጭረት ይተዋል፤ ስራመድ ይንቀጫቀጫል። በኮምፒዩተር ስብሰባ ላይ ሳለሁ እናቴ በኋላዬ ስታልፍ፣ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ “እንጨት እየተፈለጠ ነው እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። ለእሾህ የተፈጠረ ጫማ ለሳሎን አልሆነም።

ሁለተኛውን በስፖንጅ ሠራው። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ወደድነው፤ ደመና የመርገጥ ያህል ነው። በሳምንቱ ግን እናቴ ስትቆም መወላገድ ጀመረች። በወሩ ስፖንጁ ተረከዙ ሥር ተደፍጥጦ እንደ ወረቀት ሳሳ። ይህን ስትገበያዩ አስታውሱት፤ ሱቅ ውስጥ በጣት ተጭናችሁ “እንዴት ይለሰልሳል” ያላችሁት ጫማ ሁሉ ምቹ አይደለም። እግር የሚፈልገው ድጋፍ ነው፤ ልስላሴ ከድጋፍ በላይ ሲሆን ጡንቻችን ሚዛን ለመጠበቅ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል።

ተስፋ ልቆርጥ ስል ጫማ ሰፊው፣ “አብሽሪ እህቴ፣ ጫማም እንደ እንጀራ ነው፤ የመጀመሪያው ለምጣዱ ነው” አለኝ።

ሦስተኛው በድርብርብ ተሠራ። ከታች ወለል የማያበላሽ፣ የማያንሸራትት ስስ ቡናማ የላስቲክ ሶል። ከእሱ በላይ ጠንከር ያለ ስፖንጅ፤ ተረከዙ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል፣ ወደ ጣቶቹ እየሳሳ የሚሄድ። ለውስጥ እግር በኩል ከዚያው ስፖንጅ የተቆረጠች ትንሽ ጉብታ። ከሁሉም በላይ የፍየል ቆዳ፤ በቆዳው ላይ ደግሞ ወጥቶ የሚታጠብ የጥጥ ንጣፍ። ወሎ የፍየል ቆዳ አገር ነው፤ የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም የሚጠራ ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ፣ እግርንም የማያልብ። የላዩ ሰፊ የጥጥ ሽመና ነው፤ ጣቶችን ከፊት የሚሸፍን፣ በመካከላቸው የማይገባ። ከኋላ ተረከዝን የሚይዘው ማሰሪያ ከከመነዳሪ፣ ማለትም ከጎማው የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ነው፤ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ጎንበስ ማለት ለሚቸግራት እናቴ ዘለበት አያስፈልጋትም። ጣቶቹ የተሸፈኑት ለፍሙ ነው። ያንን አልረሳነውም።

ማማር ትርፍ ነገር አይደለም

ሁሉም ካለቀ በኋላ እናቴ ጫማውን አገላብጣ አየችውና፣ “ጥሩ ነው። የበሽተኛ ጫማ ይመስላል” አለች። መልሳ ሰጠችኝ።

እዚህ ላይ ብዙ የቤት ጫማ ሠሪዎች የሚስቱት ነገር አለ። ምቹ ከሆነ ይበቃል፣ ቤት ውስጥ ማን ያየዋል ይላሉ። የማይወደድ ጫማ ግን አይደረግም፤ ያልተደረገ ጫማ ደግሞ ማንንም ከፍም አያድንም። እናቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለቱን ቆርጣ አመጣች። ጫማ ሰፊው ጥለቱን በላዩ ጠርዝ፣ ከወለል ርቆ በማይቆሽሽበት በኩል ሰፋው። ያን ቀን እናቴ ጫማውን አድርጋ ጎረቤት ልታሳይ ወጣች። “የቤት ነው እኮ!” ብዬ ከበር መለስኳት።

ለእኔም አንድ ተሠራልኝ፤ ጥለት የሌለው፣ ጥቁር ሰማያዊ። ያኔ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ በቀን አሥር ጊዜ የምትሰማው ዓረፍተ ነገር አለ፤ “ቤት ነሽ አይደል?” ቤት ነሽ አይደል፣ ልጁን ያዥልኝ። ቤት ነሽ አይደል፣ ወፍጮ ቤት ድረስ ላኪልኝ። ቤት ነሽ አይደል፣ ቡና ነይ። ክፋት የለበትም፤ ፍቅር ነው። ግን ሥራችንን አያየውም። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸበጤን አውልቄ የሥራ ጫማዬን ማድረግ ስጀምር፣ መጀመሪያ የገባው የስድስት ዓመቱ ልጄ ነው። በር ያንኳኳ ሰው ሲመጣ ወደ እግሬ ያይና፣ “እማዬ ጫማዋን አድርጋለች” ይላል። ትርጉሙን ጎረቤቱ ሁሉ ለመደው። ከእኔ ሃያ ደቂቃ ማብራሪያ ይልቅ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሠርታለች። እናቴም በጥለት ጫማዋ እንዝርቷን ይዛ ከተቀመጠች፣ ልጄ ስለ እሷም ያንኑ ይናገራል። በሰባ ዓመቷ ሥራዋ ሥራ ተባለ።

እናንተስ ልታሠሩ ብታስቡ?

ሩቅ መሄድ የለባችሁም፤ ሰፈራችሁ ያለ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ይሠራዋል። ከሦስቱ ሙከራ የተረፉኝን ነገሮች ላካፍላችሁ።

እግራችሁን ማታ ለኩ፤ በቀን ውሎ እግር ያብጣልና የጠዋት ልክ ማታ ይጠብባል። ወረቀት ላይ ቆማችሁ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ሁለቱንም እግር አስምሩ፤ አብዛኛው ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ይበልጣል፤ ልኩ የሚወሰደው በትልቁ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቦታ ይተው።

የወለላችሁን ዓይነት ለጫማ ሰፊው ንገሩት። ለሴራሚክ የማያንሸራትት ሶል፣ ለሊሾ ወፈር ያለ፣ ለእንጨት ወለል የማይቧጭር ይሻላል። ሶሉን እርጥብ ወለል ላይ ሞክሩት፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ቦታዎች ናቸው።

አየሩንም አስቡ። እንደ እኛ ቆላ ከሆናችሁ ጥጥና ክፍት ጎን ያስፈልጋችኋል። ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ከሆናችሁ ውስጡን በበግ ፀጉር አስገብሩት። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ጣቶችን የሚሸፍን፣ ውስጡ ሻካራ ስፌት የሌለው፣ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን፤ ሐኪማችሁንም አማክሩ። ለአዛውንትና ለሕፃን ደግሞ ከኋላ ክፍት የሆነውን ተዉት።

በመጨረሻም ላዩንና ሶሉን ለየብቻ መለወጥ እንዲቻል አድርጎ ይስፋው። የእናቴ ጫማ አሁን ሁለተኛ ንጣፉንና ሁለተኛ ማሰሪያውን ይዟል፤ ጥለቱ ግን ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከቤት የምንሠራ ሰዎች ትልቁ ችግራችን መጀመር አይደለም፤ ማቆም ነው። ኮምፒዩተሩ ከአልጋው አሥር እርምጃ ነው፤ ምጣዱም እንደዚያው። ቢሮ የሚሄድ ሰው በር ቆልፎ ይወጣል፤ እኛ የምንቆልፈው በር የለንም። የዞብል ተራራ ላይ ፀሐይ ስትደክም እኔና እናቴ ጫማችንን አውልቀን ጎን ለጎን ግድግዳው ሥር እናስቀምጣለን። ከዚያ በኋላ ስልክ ቢጮኽ አላነሳም፤ ርብራብ ላይ ሊጥ ቢቀር እናቴም ነገ ትላለች። የቤት ሥራ ጫማ በደንብ የተሠራ ከሆነ ቀኑን ሙሉ እግርን ይይዛል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሲወልቅ ነው።